ለውጥ የለም

«አራት ልጅ። አራቱም አሉ አይደል፣ አዴ ዛህራ?»

ዱረቲ ጥያቄውን የጠየቀችው ቀና ሳትል ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ይህ አሥራ አንደኛ ቤቷ ነው፤ ጫማዋ በጭቃ ከብዷል። ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችው ታብሌት የቤተሰቡን ዝርዝር ካለፈው ዓመት ምዝገባ አምጥቶ ዘርግቶታል። ከሥሩ ሁለት መልስ ብቻ አለ፤ «ለውጥ አለ» ወይም «ለውጥ የለም»።

ዛህራ መደቡ ላይ የተኛውን የልጇን የእንድሪስን ግንባር በእርጥብ ጨርቅ ትዳብሳለች። በሩ አጠገብ የቆመው ባሏ ኢስማኢል ግን ፈጠን አለ።

«አሉ፣ አሉ። አልሃምዱሊላህ፣ አራት ናቸው።»

አልዋሸም። ዛሬ አራት ናቸው። ባለፈው ዓመት ግን አምስት ነበሩ።

ያኔ ከእርሻቸው ተፈናቅለው፣ ነቀምቴ ዳር በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ይቺን የጭቃ ቤት ከተከራዩ ገና ሦስተኛ ወራቸው ነበር። ሌላ መዝጋቢ መጥቶ ስንት ልጅ እንዳላት ሲጠይቃት ዛህራ እናቷ ያስተማረቻትን አደረገች። ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ሲመጡ ብዙ ነገር መንገድ ላይ ጥለዋል፤ ልጅን ለባዳ አለመቁጠርን ግን ይዘውት መጥተዋል። ጠያቂ ሲመጣ አንዱን ሸሽጎ መናገር ነው፤ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት፣ ሞትም እንዳይሰማ። ዛህራ የሸሸገችው ሰዒዳን ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ናት፤ በመንገድ ያለፈ ሁሉ ጉንጯን ሳይቆነጥጣት አይሄድም። በጣም የሰጋችው ለእሷ ስለሆነ ነው የሸሸገቻት።

በዚያ ምዝገባ መሠረት የወባ አጎበር የታደለው ለሁለት ሰው አንድ እየተባለ ነው። ስድስት ነን ያሉት ሦስት ደረሳቸው፤ ሰባት ቢሉ አራት ነበር። በአንዱ ባልና ሚስቱ፣ በአንዱ ሁለቱ ወንዶች፣ በሦስተኛው ኑሪያና ትንሹ ከድር ተኙ። ሰዒዳ ከእነሱ ጎን እየተጠጋች ታድራለች፤ ሲነጋ ግን ሁልጊዜ እግሯ ውጭ ነው። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አተኮሳት። በአራተኛው ቀን በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ሲሮጡ፣ ገና ዋናው አስፋልት ላይ ሳይደርሱ፣ እናቷ ጭን ላይ አለፈች። በዚያው ቀን ተቀበረች። ካርድ አልወጣላትም፤ ስሟን የጻፈ ሐኪምም የለም።

«ልጁ አሞታል እንዴ?» አለች ዱረቲ አሁን ቀና ብላ።

«ከትናንት ጀምሮ ነው።»

«ያ ዋቃ! ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። አደራ፣ ነገ አይበሉ።»

«እሱስ እወስደዋለሁ። ቤት የሚረጩትስ መቼ ነው የሚመጡ?»

«እሱን እኔ አይደለሁም የምወስነው፤ ቁጥሩ ነው። መድኃኒቱ ትንሽ ነው፤ በወባ ሰው የሞተበት ሰፈር ይቀድማል። የእናንተ ሰፈር ደግሞ» ታብሌቱን በጣቷ መታ አደረገች፤ «ዜሮ ነው። ማንም አልሞተም ይላል።»

የዛህራ እጅ ጨርቁ ላይ ቆመ። ማንም አልሞተም።

የዱረቲ ስልክ ጮኸ፤ ይቅርታ ጠይቃ በኦሮምኛ እያወራች ወደ ደጅ ወጣች። ኢስማኢል ወደ ሚስቱ ጎንበስ አለ።

«ዝም በይ። ዋሽታችኋል ብለው ከእርዳታ ዱቄቱ ይሰርዙናል። ጎረቤታችን ተረፋ በአንድ ስም ስህተት ሁለት ወር ሙሉ ቀርቶበት የለም? እነዚህን በምን እናበላቸዋለን?»

«እንድሪስስ?»

«አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል። እነሱ ናቸው የማያውቁ።»

ዱረቲ ተመልሳ ተቀመጠች። «እንግዲህ ለውጥ የለም ልበል?» ጣቷ ወረደ።

«ቆይ ልጄ።»

ዛህራ ጨርቁን አስቀመጠች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ልጆቿን ጮክ ብላ ቆጥራ አታውቅም፤ ላሞቿን እንኳ ስትቆጥር አንዷን ትዘል ነበር።

«መሐመድ» አለች። «ኑሪያ። እንድሪስ።» በሽተኛው ልጅ ስሙን ሰምቶ ዓይኑን ገለጠ። ዛህራ ፊቷን አዞረች። «ከድር። ሰዒዳ። አምስት ናቸው።»

«ሰዒዳ? እዚህ እኮ የለችም።»

«ሸሽጌያት ነው። ዓይን ፈርቼ።»

ዱረቲ አልተቆጣችም። «የኔም እናት እንዲሁ ናት» አለች ዝግ ብላ፤ «እኔን እስከ ሰባት ዓመቴ ለማንም ቆጥራኝ አታውቅም። የት አለች ታዲያ?»

«ወባ ወሰዳት። ዛሬ ሃያ ሁለት ቀኗ ነው።»

ኢስማኢል ጀርባውን ሰጥቶ የበሩን መቃን ያዘ። ዱረቲ ለረጅም ጊዜ ታብሌቱን ስትነካካ ቆየች።

«አዴ ዛህራ፣ እንዴት እንደምልዎት አላውቅም። ይሄ ነገር ያልተመዘገበ ሰው ሞተ ቢሉት አይቀበልም። መጀመሪያ በሕይወት እንዳለች አድርጌ ማስገባት አለብኝ።»

«አስገቢያ።»

ስሟን ጻፈች፤ ዕድሜዋን ጻፈች። ከዚያ ታብሌቱን ወደ እናቲቱ አዞረችው። ዛህራ ፊደል አትቆጥርም፤ አምስት ቁጥርን ግን ታውቃለች። ለአንድ አፍታ ሁሉም ቤት ገብተው ነበር።

«አሁን ያረፈችበትን ቀን ይጠይቃል» አለች ዱረቲ።

ዛህራ ወደ ባሏ ዞረች።

«ጥቅምት አሥራ ስምንት» አለ ኢስማኢል ሳይዞር። «ጁምዓ ነበር።»

ዱረቲ ጽፋ ጨረሰች፤ ጣቷን ግን አየር ላይ አቆየችው። «ይሄን ስነካው የሰፈሩ ዜሮ አንድ ይሆናል፤ የእናንተ ቁጥር ግን ወደ አራት ይመለሳል። ልንካው?»

ዛህራ አምስቱን አየች። ከዚያ እጇን ሰዳ የእንድሪስን ግንባር ዳሰሰች፤ አሁንም ያቃጥላል።

«ንኪው» አለች።