በመጨረሻው ጉድጓድ የተነሣችው ኳስ

1. የነበሩ ሰዎች

እሑድ፣ ጥር 25 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። በሐይቁ ዳር ባለው አዲስ የጎልፍ ሜዳ፣ በአሥራ ስምንተኛው ጉድጓድ፣ ማለትም በመጨረሻው፣ የነበሩት፦

ላምቢሶ ሄራሞ፣ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው፣ ተጫዋች።

ሮቤል ጽጌ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት፣ ተጫዋች። የራሱን ቦርሳ በጋሪ ይጎትት ነበር።

ወይዘሮ ፍሬሕይወት፣ ዋና ዳኛ። ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ሩቅ ነው።

በሜዳው ሕንፃ በረንዳ ላይ መቶ ያህል ተመልካች።

ተከተል፣ የላምቢሶ ቦርሳ ተሸካሚ።

ተከተል እኔ ነኝ።


2. የተያዘው ነገር

ሁለቱ እኩል ነበሩ። አራት ቀን፣ ሰባ አንድ ጉድጓድ ተጫውተው እኩል። አንድ ጉድጓድ ቀረ። ያሸነፈው ሰው አንድ ዓመት ሙሉ በባለሙያዎቹ ዙር ውስጥ፣ ናይሮቢም ካምፓላም እየሄደ ይጫወታል። ሁለተኛ የወጣው ወደ ቤቱ ይመለሳል። አሥራ አራተኛ የወጣውም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ልዩነት የላቸውም።

ጋሼ ላምቢሶ ዘመዴ አይደለም። ጎረቤቴ ነው። አሥር ዓመት ቦርሳውን ተሸክሜአለሁ። ቢያሸንፍ እኔም አብሬው እሄድ ነበር፤ ይህን የምጽፈው የደበቅኩት እንዳይመስል ነው።


3. የእኛ ሜዳ

(ይህን የዘለለ አንባቢ ቀሪው አይገባውም።)

የመጣነው ከሸንኮራ እርሻ ነው። እርሻውን ያቋቋሙት ፈረንጆች ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ ሠርተው ሄዱ። ውኃው ለሸንኮራ እንጂ ለጨዋታ አይሰጥም። ስለዚህ በየጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ክብ ሣር ሳይሆን አሸዋ ነው። አሸዋውን ነፋስ እንዳይወስደው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይደፋበታል። ጥቁር ነው። ይሸታል። ኳስ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት የተማርነው እዚያ ላይ ነው።


4. መመሪያ

ኳሷ አሸዋው ላይ ስትቆም እንዲህ ታደርጋለህ።

አንሣት። ዘይትና አሸዋ ይዛለች፤ በሽርጥህ ጥረጋት። ከጉድጓዱ ያላትን ርቀት በገመድ ለካ። መጥረጊያውን ከጉድጓዱ ጀምረህ ወደ ራስህ ጎትት፤ አንድ ለስላሳ መንገድ ይወጣልሃል። ኳሷን እዚያ መንገድ ላይ አስቀምጥ። የነበረችበትን ቦታ ማንም አይጠይቅህም፤ ብቻ ርቀቱ ልክ ይሁን። ከዚያ ተጫዋቹ ይመጣል፣ ኳሷን ያያል፣ «ደህና» ይላል፣ ይመታል።

ይህን አሥር ዓመት አድርግ።



ከዚያ አታድርግ።


5. ሣር

ሣር ላይ ሕጉ ሌላ ነው። ኳሷን ከማንሣትህ በፊት ከኋላዋ ሳንቲም ታስቀምጣለህ። ጠርገህ ስታበቃ እዚያው፣ ሳንቲሙ ጋ ትመልሳታለህ። ሌላ ቦታ አስቀምጠሃት ተጫዋቹ ከመታት ቅጣቱ ሁለት ምት ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ ውድድሩ ሳይጀመር፣ ጋሼ ላምቢሶ ወደ ዳር ወሰደኝ።

«ኳሷ ክቡ ላይ ስትወጣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ሳንቲሙን እኔ አስቀምጣለሁ፣ ኳሷንም እኔ አነሣለሁ። አንተ ቦርሳ ብቻ።»

«እሺ ጋሼ።»

«ቢያሳክክህስ?»

«አላክም።»

«አፍንጫህን ዝንብ ቢበላውስ?»

«ይብላው።»

«ጎበዝ።»

ሰባ አንድ ጉድጓድ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ቆምኩ። ዓርብ ዕለት የቀኙ ኪስ ተተረተረ። በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩትና እጄን መልሼ ከተትኩ።


6. የተባለ

ሮቤል ክፉ ሰው አይደለም። መቀለድ ይወዳል። ቅዳሜ፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፦

«ተከተል፣ መጥረጊያህን የት ጣልከው? ፍተሻ ላይ ቀሙህ?»

ሰዉ ሣቀ። ወደ ጋሼ ዞረ።

«ጋሼ ላምቢሶ፣ ይሄ ሣር ይባላል። ከብት ይበላዋል እንጂ እሱ ሰው አይበላም፤ አትፍራው።»

«እኛ ሰፈር ከብቱም እንዲህ ያለ ሣር አላየም» አለ ጋሼ። «ቀስ ብዬ የምረግጠው እንዳይቀየመኝ ነው።»

ከሮቤል ይበልጥ ለእሱ ተሣቀ። እኔም የምመልሰው ነበረኝ፤ ግን ለእኔ ቃል የሚመጣልኝ ሰዉ ከሄደ በኋላ ነው። አንዳንዴ በማግሥቱ። ይህን ልብ በል፤ ቁጥር 10 ላይ ያስፈልግሃል።


7. አሥራ ስምንተኛው

ሮቤል በአራት ምት ጨረሰ። ኳሱን ከጉድጓዱ አወጣ፣ ወደ ሐይቁ ዞሮ ውኃ ይጠጣ ጀመር።

የጋሼ ኳስ በሁለተኛው ምት ከጉድጓዱ ሁለት እርምጃ ላይ ቆማ ነበር። ቢያስገባት ሦስት፤ አሸነፈ። ቢስት አራት፤ እኩል ይሆኑና ተጨማሪ ጉድጓድ ይጫወታሉ።

ሁልጊዜ መጀመሪያ ሳንቲሙን ያስቀምጥ ነበር። ያን ጊዜ ግን ጥላው እየረዘመ መጥቶ ኖሮ፣ የመሬቱ ዝቅታ ሳይጠፋበት ለማየት በቀጥታ ወደ ማዶ ሄደ። ከጉድጓዱ ወዲያ ቁጢጥ አለ። ቆቡን ወደ ዓይኑ ሳበ።

ሜዳው ጠዋት ውኃ ጠጥቷል። ኳሷ ላይ ጭቃ ነበር። የምስር ፍሬ የሚያህል።


8.


እጄ


ወጣ።


9.

አነሣኋት። በሽርጤ ጠረግኋት። አስቀመጥኳት። የነበረችበት ላይ አይደለም፤ አንድ ስንዝር ወደ ግራ፣ ሣሩ ለስላሳ በሆነበት በኩል። ርቀቱ ልክ ነበር። እኔ ርቀት ተሳስቼ አላውቅም።*

የነቃሁት መጥረጊያውን ለማንሣት ጎንበስ ስል ነው። መጥረጊያ አልነበረም።

* ተመልካቾቹስ አላዩም ወይ ትለኝ ይሆናል። አይተዋል። ያዩት ኳስ የሚጠርግ ሰው ነው።


10.

ጋሼ ላምቢሶ ከማዶ ተመለሰ። ኳሷን አየ። እኔን አየ።

«ደህና» አለ።

በ«ደህና»ውና በምቱ መካከል ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ቆጥሬዋለሁ፤ ሁለት ጊዜ «ጋሼ» ለማለት ይበቃል። ያኔ ብናገር ኳሷ ወደ ቦታዋ ትመለስ ነበር፤ ቅጣቱም ያለ ሳንቲም ለማንሣቴ አንድ ምት ብቻ ይሆን ነበር። አንዱንም «ጋሼ» አላልኩም።

መታት።

ገባች።

በረንዳው ተነሥቶ አጨበጨበ። ሮቤል መጥቶ ጨበጠው። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።


11. በዳኛ ጠረጴዛ ላይ የተባለው፣ እንዳለ

ወ/ሮ ፍሬሕይወት፦ ላንብብላችሁ፣ ከዚያ ትፈርማላችሁ። አሥራ ሰባተኛ፣ ሁለታችሁም አራት። አሥራ ስምንተኛ፣ ሮቤል አራት፣ ላምቢሶ ሦስት። እንኳን ደስ ያለህ።

ላምቢሶ፦ አመሰግናለሁ እትዬ። እስክሪብቶው የታለ?

እኔ፦



አምስት።



ወ/ሮ ፍሬሕይወት፦ ምን አልክ ልጄ?

እኔ፦ አምስት ነው። ኳሷን አንሥቻት ነበር። ሳንቲም አላስቀመጥኩም። የመለስኳትም ሌላ ቦታ ነው።

ሮቤል፦ መቼ?

እኔ፦ አንተ ውኃ ስትጠጣ።

ሮቤል፦ እኔ ያየሁት የለም። በእኔ በኩል ቅሬታ የለኝም፣ ይቅር።

ወ/ሮ ፍሬሕይወት፦ አንተ ቅሬታ የለኝም ስላልክ የሚቀር ነገር አይደለም። ሁለት ምት ነው። ላምቢሶ፣ አንተ አይተኸዋል?

ላምቢሶ፦ (ቆቡን አወለቀ።)

ወ/ሮ ፍሬሕይወት፦ ላምቢሶ።

ላምቢሶ፦ ተከተል፣ በስንት አራቅሃት?

እኔ፦ በአንድ ስንዝር። ወደ ግራ።

ላምቢሶ፦ ርቀቷስ?

እኔ፦ ልክ ነው።

ላምቢሶ፦ እንግዲያ ሥራህን ሠርተሃል።

ሦስቱን ሰርዞ አምስት ጻፈ። ፈረመ። እስክሪብቶውን ለሮቤል አቀበለው።

ሮቤል በአንድ ምት አሸነፈ። በር ላይ ስንገናኝ ዋንጫውን ብብቱ ሥር ይዞ ነበር። «ወንድሜ፣ እኔ ብሆን ዝም እል ነበር» አለኝ። ምስጋና መሆኑ ነው።


12. መመለሻ

አውቶብስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አምስት ሰዓት መንገድ ነው። ቦርሳውን ጭኔ ላይ ይዤው ነበር፤ እሱ ወስዶ በእግሩ መካከል አቆመው። አሥር ዓመት ሙሉ ያን ቦርሳ እኔ ሳለሁ ይዞት አያውቅም።

እርሻው ስንደርስ ትራክተሩ ሁለተኛው ጉድጓድ አጠገብ ቆሟል። ሜዳው ለሸንኮራ እንደሚታረስ ቀድሞም ሰምተናል። ለመጋቢት ነበር የተባለው። ቸኩለዋል።


13. ቅጹ

በሳምንቱ ከውድድሩ ኮሚቴ በእኔ ስም ቅጽ መጣ። ስድስቱን ጥያቄ በአንድ ቁጭታ ሞላሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ የት፣ ምን፣ በየትኛው እጅ፣ ማን ነበር። ቁጥር 1 ላይ ያነበብከው ከዚያ የተገለበጠ ነው።

ሰባተኛው ጥያቄ «ተጫዋቹ ያውቅ ነበር?» ይላል። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል፦ ተጫዋቹ ኳሷ ከቦታዋ መነሣቷን እያወቀ ሦስት ብሎ ሊፈርም ከነበረ፣ ከእንግዲህ በማናቸውም የባለሙያ ውድድር አይሳተፍም። ካላወቀ፣ በሚመጣው ዓመት እንደገና መሞከር ይችላል። ሌላ ምስክር ስለሌለ የተሸካሚው ቃል ይጸናል።

ይዤው ቤቱ ሄድኩ። ደጅ ተቀምጦ ዱላዎቹን በጨርቅ ይወለውል ነበር።

«ጋሼ፣ ሰባተኛው ላይ ምን ልጻፍ?»

አነበበው። ቅጹን መለሰልኝ።

«የምታውቀውን ጻፍ። የለመድከው እሱን ነው።»

«አላውቅም እኮ።»

«እኔን አታውቀኝም? አሥር ዓመት?»

«ጋሼ፣ ያን ዕለት...»

«ጨርቁን አቀብለኝ» አለ። አቀበልኩት። መወልወሉን ቀጠለ።


14. የማውቀው

አሸዋችን ላይ፣ ባስቀመጥኩለት ኳስ ሁሉ «ደህና» ይላል። አንድ ቀን ትኩሳት ይዞት ኳስ ሳይኖር «ደህና» ብሏል። ስለዚህ ልማድ ነው።

ሐይቁ ዳር ግን ሰባ አንዱ ጉድጓድ ላይ አንድም ጊዜ «ደህና» አላለም። ኳሷን ያስቀምጥ የነበረው ራሱ ነዋ። ስለዚህ አይቷል።

ወይም አፉ እንደ እኔ እጅ ነው፤ ሳያዝዘው ይሠራል።

ቆቡ ዓይኑን ሸፍኖ ነበር። ግን ከቆቡ ሥር ከጉድጓዱ ወዲህ ያለው ሁለት እርምጃ ይታያል፤ ያን ቆብ አድርጌ ሞክሬዋለሁ።

ጠረጴዛው ላይ «ለምን» ብሎ አልጠየቀኝም። «በስንት» አለ። የማያውቅ ሰው «ለምን» ይላል። ከእኛ እርሻ የመጣ ሰው ግን ሁሉም «በስንት» ነው የሚለው።

ኳሷ ከመጀመሪያ ቦታዋ ብትመታ ትገባ ነበር ወይ? ይህን ማንም አልጠየቀም። ቅጹም አይጠይቅም። እኔ ግን በየቀኑ እመታታለሁ። አንዳንዴ ትገባለች።

አንተም አንባቢዬ ያለኝን ሁሉ አይተሃል። ከዚህ በላይ የደበቅኩት የለም። እስክሪብቶው ያውልህ።


15.

ጥያቄ 7፦ ተጫዋቹ ያውቅ ነበር?

አዎ ☐

አያውቅም ☐




ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት አንዱ ሣጥን ላይ ምልክት አድርጌ ቅጹን ፖስታ ቤት አስረከብኩ።