ለምራቷ የነገረችው

የእናቴን መድኃኒት የምሰጣት እኔ ነኝ። አንገቷ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ከልክ በላይ እየሠሩ ደሟ ውስጥ ካልሲየም ስላበዙባት፣ ሐኪሙ ያንን የሚቀንስ ክኒን አዘዘላት። ሳይሰበር፣ ሳይፈጭ፣ ከምግብ ጋር። አንድም ቀን አዛንፌ አላውቅም። መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ ልክ መጠበቅ ሥራዬ ነው።

የልቧን የምታወራው ግን ለወንድሜ ሚስት ነው። ያቺ ከሰዓት በኋላ ባዶ እጇን እያወዛወዘች ትመጣና አልጋው ጫፍ ላይ ዘፍ ትላለች። ይኼኔ የእናቴን ፊት ማየት ነው! «መጣሽልኝ የኔ ማር!» እኔ ቀኑን ሙሉ ስመላለስ የምሰማው «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ» ነው።

አንድ ቀን መጋረጃ ስተኩስ ገርበብ ባለው በር ሰማኋት። «ከንፈሬን ውርር ያደርገኛል። ጣቶቼም ይደነዝዙኛል። ለዚህች እንዳትነግሪያት።»

ጠዋት ስጠይቃት እኮ «ደህና ነኝ» ብላኛለች! የያዘኝ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

የወንድሜ ሚስት ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዘችኝ። «እንዳልነግርሽ ብለውኝ ነበር፤ ግን ከንፈራቸውንና ጣታቸውን እየደነዘዛቸው ነው። ካልሲየማቸው ከሚገባው በታች ወርዶ ይሆናል። ነገ ለሐኪሙ ንገሪው። እኔም ልምጣ?»

«እናቴን እኔ አውቃታለሁ» አልኳት።

በማግስቱ ደም ተወሰደላት፤ ውጤቱ በሚቀጥለው ቀን እንደሚደርስ ነገሩን። ሐኪሙ «ማቅለሽለሽ? መደንዘዝ? የጡንቻ መኮማተር? አንዱም ካለ ክኒኑን ዛሬውኑ እናቆመዋለን» አለ። እናቴ አየችኝ። አለ ብል፣ ከማን ሰማሽ ሊለኝ ነው። ከምራቷ! እኔ ልጇ እያለሁ!

«ምንም የለባትም» አልኩ። እናቴ ዝም አለች።

በነጋታው ምሳ ስትበላ ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ተቆልምመው አልዘረጋ አሉ። ሆስፒታል እስክንደርስ እግሯም ተኮማተረ፣ የልብ ምቷም ተዛባ። እናቴን በምላሴ ገደልኳት አልኩ ለራሴ።

ካልሲየም በደም ሥሯ ሰጧት። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ «ትናንት ጠይቄሽ አልነበረም?» ሲለኝ፣ ሰምታ የደረሰችው የወንድሜ ሚስት ከኋላዬ «ጥፋቱ የኔ ነው። የነገሩት ለእኔ ነበር፤ ለእሷ ሳልነግራት ቀረሁ» አለች። ከማመስገን ይልቅ ተናደድኩ። እዚህም በለጠችኝ!

የእናቴ ጣቶች ቀስ በቀስ ሲፍታቱ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«እማዬ፣ ለእሷ ነግረሽ ከእኔ ለምን ደበቅሽ?»

«አንቺ ትደነግጫለሽ። ሥራሽን ጥለሽ ሥሬ ልትቀመጪ ነው። እሷ ብትደነግጥ ምን ገዶኝ!»

ሳቄ መጣ፤ ከሳቄ ቀድሞ ግን እንባዬ ወረደ። «እኔ እኮ ሰምቼ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ። በሩ ሲነቃነቅ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ሐኪሙ ፊት ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ የለም ብለሻል» አለችኝ። «በሰው ፊት ልጄን ውሸታም ላስብላት?»