የኤሊው እግር

«እግርህ ነው!» አልኩት። «እግርህ ሰነፍ ሆኖ ነው እንጂ መኪናዋስ ምንም አልሆነችም።»

ለታናሽ ወንድሜ ኤሊው ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሲነዳ ኤሊ ነዋ! እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ሞተር ስፈታና ስገጥም የኖርኩ መካኒክ ነኝ፤ ቤታችን ውስጥ ስለ መኪና ከእኔ በላይ የሚናገር የለም።

«እስከ ወለሉ ድረስ ረግጫታለሁ» አለ። «ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች። ዳገቱ ጋ ስትደርስ ጥቁር ጭስ ትተፋና ጉልበት ያጥራታል። ደግሞ ልንገርሽ? ባለፈው ሳምንት እጅሽ ካረፈባት ወዲህ ነው።»

«አፍህን ያዝ!»

ቀልድ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። እማዬ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አለባት። ሆስፒታሉ ዳገቱ አናት ላይ ነው፤ አውቶቡሱ ግርጌው ላይ አራግፎ ይመለሳል። ከትናንት በስቲያ መኪናዋ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ስትል ኤሊው እናቱን አዝሎ ወጣ። እማዬ ቤት እንደገባች «ሰው እያየኝ ልጄ ጀርባ ላይ ዳግመኛ አልወጣም። ይቅርብኝ» አለች። እማዬ አንዴ ይቅርብኝ ካለች አለቀ። የዛሬው ተራዋ ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

እኔ ነኝ የማስቀራት? በጠዋት ተነስቼ ኮፈኑን ከፈትኩ። የነዳጅ ፊልትሮውን ቀየርኩ፤ ሞከርናት፤ ያው ናት። የነዳጅ ፖምፓውን ግፊት ለካሁ፤ ደህና ነው። ጭስ ማውጫው ታፍኖ እንደሆነ ብዬ ፈታሁት፤ ንጹሕ። የአየር ፊልትሮውን አወጣሁ፤ እሱም ንጹሕ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ።

«በቃ ብንተወውና እኔው ብሸከማትስ?» አለ ኤሊው።

«ሞቼ ነው ቆሜ?»

ካቻቢቴዬን አስቀምጬ እንደ ጀማሪ ከሀ ጀመርኩ። ጥቁር ጭስ ማለት ነዳጁ በዝቶ አየር አንሷል ማለት ነው። ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ የታፈነው ከፊልትሮው ወዲያ ነው። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ ግን አልነካሁትም፤ ባለፈው ሳምንት ያጸዳሁት ራሴ ነኛ! የራሴን ሥራ ምን ብዬ ልፈትሽ?

ክው አልኩ። ቱቦውን ፈትቼ ጣቴን ብሰድ ጨርቅ ነካሁ። ሳጸዳ ብሎን እንዳይገባ የወተፍኩት ጨርቅ ነው፤ ረስቼ ገጥሜበታለሁ። ሞተሩ ዳገት ላይ ብዙ አየር ሲስብ ጨርቁ አብሮ እየተሳበ ይዘጋዋል። ያውም የእማዬ ጨርቅ። እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ አሮጌ ቀሚሷን ለእጅ መጥረጊያ ቀዳ ስትሰጠኝ እንኳ ጠርዙን በቀይ ክር ሳትቀመቅመው አትለቀውም።

ኤሊው እጁን እየታጠበ ነበር፤ አላየም። ኪሴ ብከተው ማንም አያውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ግማሹን ከትቼው ነበር። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ያሳደገችኝ ማን ሆነችና?

እማዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ጨርቁን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት።

«እኔ ነኝ እማዬ። መኪናዋ ውስጥ ረስቼው ነው። እሱን በእግሩ ስሰድብ፣ ለካ ያሰቃየኋችሁ እኔ ነኝ።» እንባዬ መጣ።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለ ኤሊው ከኋላዬ። ሊቀጥል ሲል እማዬ በእጇ አስቆመችው። ጨርቁን ገልበጥ አድርጋ አየችው።

«ስፌቱ እንኳ አልተፈታም» አለች።

«ተነሺ እንሂድ» አልኳት።

«ይቅርብኝ ብያለሁ እኮ።»

«ጀርባ ላይ አልወጣም ነው ያልሽው። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ነው የምትወጪው!»

ሰባት ተኩል ላይ ዳገቱ ሥር ደረስን። ኤሊው ረገጠው። መኪናዋ አጓራችና ወጣች፤ ጭስ የለ፣ ምን የለ። ኧረ እንዲያውም «ቀስ በል አንተ!» ብዬ ጮህኩበት፤ ለኤሊው ይህን ስል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

እማዬ ከኋላ ወንበር ላይ የጨርቁን ቀይ ጠርዝ በጣቷ ትዳስሳለች።

«ከእንግዲህ ስሰፋልሽ ጫፉ ላይ ረጅም ክር እተውበታለሁ» አለች። «የትም ብትወትፊው ውጭ ተንጠልጥሎ ይታይሻል። ስንት ልስፋልሽ?»

«ብዙ» አልኳት። «ብዙ፣ እማዬ።»