ቁሚ አልኳት

ባለቤቴ ለዕረፍታችን የተከራየውን መኪና «ቀንድ አውጣ» እንለው ነበር። አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው ሁሉ ጀርባው ላይ ነው፤ ዳገት ሲያይ ደግሞ አካሄዱም የቀንድ አውጣ ነው። እኔና እሱ እዚያ ጠባብ ሣጥን ውስጥ በክርን ስንጎሻሸም ፌንጣ ግን ተመችቷታል። ፌንጣ የስድስት ዓመት ልጃችን ናት። አንድ ቦታ ስለማትረጋ አባቷ ነው እንዲህ ያላት። ነይ ሲሏት ትሄዳለች፣ ተይ ሲሏት ይብስባታል። እኔም የአንገቴ ደም ሥር እስኪገታተር እጮህባታለሁ።

ፍል ውሃው ጋ የደረስነው ከቁርስ በኋላ ነው። መሬቱ ነጭና ቢጫ ሆኖ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ በየቦታው እንፋሎት ይትጎለጎላል። ጎብኚ የሚሄደው በጣውላ መተላለፊያ ላይ ነው፤ ዳርና ዳሩ ገመድ ብቻ። ጥበቃው በሩ ላይ አስጠነቀቀን።

«ከጣውላው እንዳትወርዱ። ደረቅ መሬት ይምሰላችሁ እንጂ የፈላ ወተት ላይ እንደሚረጋ ስልባቦት ነው። ሥሩ ውሃ ይንፈቀፈቃል።»

«ሰማሽ?» አልኳት ፌንጣን።

«እሺ አልኩ እኮ!» አለች። አላለችም።

ነፋሱ ባርኔጣዋን ሲወስደው እጇ ከእጄ ሾልኮ ወጣ። በገመዱ ሥር ሹልክ ብላ ወረደች፤ እንፋሎቱ ዋጣት። ገለጥ ሲል፣ ባርኔጣዋን ልታነሳ በእጇና በጉልበቷ ስትድህ አየኋት። ከፊቷ አንድ ጉድጓድ ሙሉ ውሃ ይፈላል።

«ቁሚ!» ብዬ ጮህኩ። ካለሽበት ንቅንቅ እንዳትዪ ማለቴ ነበር።

ልጄ ከተወለደች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል ታዘዘችኝ። ተነስታ ቀጥ ብላ ቆመች።

ከእግሯ ሥር ደረቅ ዳቦ ሲቆረስ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። በጫማዋ ዙሪያ ውሃ ብቅ ብቅ አለ።

«እማዬ፣ ይሞቃል» አለች።

ባለቤቴ ገመዱን ሊዘል ሲል ቀበቶውን በሁለት እጄ አንቄ ያዝኩት።

«ልቀቂኝ! ልጄ ናት!»

«የኔስ አይደለችም? አንተ ከረገጥከው ሁለታችሁም ናችሁ የምትገቡት!»

ጥበቃው ረጅም ጣውላ ተሸክሞ ይሮጣል፤ ግን ገና ሩቅ ነው። «አስተኟት! በደረቷ ትተኛ!» ይላል።

«ተኚ!» አልኳት።

«አልመሸም እኮ።» ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። «እንቅልፌም አልመጣም።»

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ከጉድጓዱ ይልቅ አፌን ፈራሁት። ቀጥዬ የምላትንም በሌላ ብትተረጉመውስ? ብትራመድስ? ደግሞ ፌንጣ ናት፤ ከደነገጠች መዝለሏ አይቀርም።

ዝም አልኩ። ቀበቶውን ለቅቄ ጣውላው ላይ በደረቴ ተዘረጋሁ፤ እጆቼንም ወደ እሷ ዘረጋሁ። አባቷ ገባውና አጠገቤ በሆዱ ተኛ። ፌንጣ ግራ ተጋብታ አየችን። ከዚያ ቀስ ብላ ተንበረከከች፤ እንደ እኛው በሆዷ ተኛች። የመሰንጠቁ ድምፅ ጋብ አለ። በጣቴ ጠራኋትና እየተሳበች መምጣት ጀመረች።

መሃል ላይ እንፋሎቱ ሸፈናት። የልብሷ ኮሽታ ብቻ ይሰማኛል። ቆየት ብሎ እሱም ተቋረጠ። የት ነሽ ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ገጠምኩት። የሆነ ነገር ተደርምሶ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሰማሁ። ባለቤቴ «አምላኬ» አለ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ትንሽ፣ እርጥብ እጅ ጣቶቼን ነካ።

ሁለታችንም ጎትተን ጣውላው ላይ አወጣናት። ጥበቃው እያለከለከ ደርሶ ጫማዎቿን አወለቀና እግሯን አገላብጦ አየ። «ቀልቷል እንጂ አልተላጠም። ተርፋለች» አለ። ቅድም የቆመችበት ቦታ የለም፤ ውሃ ነው። ባለቤቴ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ፌንጣ አጠገቤ በሆዷ እንደተኛች ናት። ጉንጯን ጣውላው ላይ አድርጋ፣ ምንም ሳትነቃነቅ፣ አፌን አፌን ታየኛለች።

«እማዬ» አለች በሹክሹክታ፣ «አሁን ልቁም?»

እንደተኛን አቀፍኳት።