አራት ጉብታ ያለው ጡብ

ሠላሳ አንድ ዓመት ቶርኖ፣ የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ላይ የቆመው ባል የሥራ መልቀቂያውን ጽፎ፣ አጥፎ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶታል። ባለፈው ሳምንት ያወጣው ዘንግ «ቀጥኗል» ተብሎ ሲመለስበት እስቲ ልየው እንኳ ሳይል ዓይኔ ከድቶኛል ብሎ ደመደመ። ሰኞ ሊያስገባ ነው። ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም።

ቅዳሜ ጧት ሚስቱ፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዋ፣ አንድ ከረጢት የመጫወቻ ጡብ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች።

«ባለ አራት ጉብታው አንዱ ጠፍቶ ልጆቹ መቀመጫ መቆሚያ አሳጡኝ። እስቲ ከእንጨት ሥራልኝ።»

«አንዷን ከለካሁ ይበቃኛል» ብሎ ትንሿን፣ ባለ አንድ ጉብታዋን፣ በካሊፐር፣ ሚሊሜትር በሚከፋፍለው መለኪያው፣ ያዛት። ሰባት ነጥብ ስምንት ሚሊሜትር። በአራት ቢያባዛው ሠላሳ አንድ ነጥብ ሁለት። እንጨቱን በዚያው ልክ ቆረጠ፤ ጉብታ የሚገባባቸውን ቀዳዳዎችም በየሰባት ነጥብ ስምንቱ በሳ። ጡቦቹ ላይ ሲጭነው አንደኛው ጉብታ ገባ፣ ሁለተኛው እያንገራገረ ገባ፣ የቀሩት እምቢ አሉ። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«በቃ፣ ዓይኔ አልቋል።»

«ዓይንህ ምን ሆነ? ይልቅ ረጅሙንም ለካውና ልጻፍልህ።» እሱ ጡቦቹ ላይ እንዳቀረቀረ፣ ከተሰቀለው ኮቱ የታጠፈ ወረቀት መዘዘችና ሳትገልጠው ጀርባው ላይ ትጽፍ ጀመር።

ባለ ሁለቱ ዐሥራ አምስት ነጥብ ስምንት። ባለ አራቱ ሠላሳ አንድ ነጥብ ስምንት። ደግሞ ለካ፤ ያው ነው።

ወረቀቱን ልብ ሳይል ቁጥሮቹ ላይ አፈጠጠ። ከጉብታ መሃል እስከ ጉብታ መሃል ድፍን ስምንት ሚሊሜትር ነው። ጡቡ ግን አጠረም ረዘመም፣ ጎረቤቱን እንዳይገፋ ከሁለቱ ጫፎቹ ብቻ የሚሊሜትር አንድ አንድ ዐሥረኛ ይቀነስለታል። እሱ ያቺን ቅናሽ አራት ጊዜ ቀንሷታል። ዓይኑ ምንም አልሆነም፤ ጥፋቱ የችኮላ ነው። ደስታው ሊያስለቅሰው ምንም አልቀረው።

በየስምንት ሚሊሜትሩ የበሳው ሁለተኛው እንጨት ቀጥ ብሎ ገባ። ቀና ሲል ሚስቱ ወረቀቱን ገልጣ እያነበበች ነው።

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«ካስገባሁት በኋላ።»

ወረቀቱን ወደ ጀርባው ገለበጠችው። «እንግዲህ ቁጥር ሞልቼበታለሁ። እንደገና ትጽፈዋለህ?»

«መጀመሪያ ያንን ዘንግ ልለካው።»

«እስካሁን አልለካኸውም?»

«ፈርቼ ነዋ» አለና ካሊፐሩን ደብዳቤው የነበረበት ኪስ ውስጥ ከተተው።