ባለቆቧ ፊደል

ኮምፒውተሩ አሁንም «አጋ» ሲል ኤላዲዮ ጠረጴዛውን በቡጢ ደቃው። የእህቱ ልጅ ሴፈሪና ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብታዞርም አልሆነላትም። ኤላዲዮ መሳቋን አይቶ ጠመኔውን አነሳና ትንሿ ሰሌዳ ላይ ጻፈ፦ «ሳቂ፣ ሳቂ። ከሰዓት በኋላ የኢቱርቤ ከተማ በሙሉ ይስቅብኛል።»

እውነቱን ለመናገር ያስቅ ነበር። ኤላዲዮ ዕድሜውን ሙሉ የከተማችንን ኳስ በሬዲዮ ሲያስተላልፍ አንዲት ቃል ነበረችው። ኳሷ መረብ ስትነካ «አጋ!» ይላል፣ «ገ»ዋን በአፍንጫው ጎተት አድርጎ፤ በአገራችን ቋንቋ በጓራኒ «አሁን!» ማለቱ ነው። አፍንጫው ከቀረ ግን ቃሉ ስፓኒሽ ይሆንና «ያድርጉ» ይላል፣ እንደ አለቃ ትእዛዝ። አምና ካንሰር ጉሮሮውን በላው። ነፍሱ ተረፈች፣ ድምፁ ቀረ። ሲያወራ ውሎ ሲያወራ የሚያመሽ ሰው አፉ ሲዘጋ ማየት፣ ምን ልበላችሁ፣ አንጀት ይበላል።

ሴፈሪና ዋና ከተማው አሱንሲዮን ውስጥ ፕሮግራም በመጻፍ የምትተዳደር ልጅ ናት። አጎቷ በጣቱ እየነካካ እንዲናገርበት ስክሪን ላይ የፊደል ሰሌዳ ሠራችለት፤ የነካውን ፊደል፣ ጓራኒ የሚያውቅ የማሽን ድምፅ ያነብለታል። ዛሬ የሰፈራችን ክለብ ለዋንጫ ይጫወታል። የሬዲዮው ኃላፊ ሲንፎሪያኖም ሐሳቡን ሰምቶ ማይክሮፎኑን ለኤላዲዮ ለመስጠት ተስማምቷል፤ ከተሳካ የቀድሞ ወንበሩ ይመለስለታል። ማሽኑ መሳቂያ ካደረገው ግን ከእንግዲህ ከደጁ እንደማይወጣ ኤላዲዮ በጠመኔ ጽፎ አሳይቷታል። ግትር ነው፤ እንደሚያደርገው ታውቃለች።

ፊደሎቹ ሁሉ ይሠራሉ። እምቢ ያለችው በአፍንጫ የምትነገረው ገ ብቻ ናት፣ አናቷ ላይ የሞገድ ምልክት እንደ ቆብ የደፋችው። ስክሪኑ ላይ መስኮትና ቁልፍ የሚስለው ላይብረሪ፣ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የፕሮግራም ክፍል፣ ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ስሙን ስትነግሩት ቁጥሩን ይሰጣችኋል፤ የማያውቀው ስም ከሆነ ዜሮ ይላል። ባለቆቡን ኤን ስትጠይቀው ወዲያው ሰጣት፣ የስፓኒሽ ነዋ! ባለቆቡን ዋይ እንኳ አልነፈጋትም። ባለቆቧን ገ ግን ስሟን በትልቁም በትንሹም ፊደል ብትጽፍለት መልሱ ያው ዜሮ ሆነ። ለካ ያቺን ፊደል እንደ አንድ ቆጥሮ ቁጥር የሰጣት ሰው የለም። እኛ ስንነጋገርባት እንውላለን፣ ማሽን ግን አልተወለደችም ይላል። ሴፈሪና በግናለች። ሲቸግራት ቆብ የሌላትን ገ ተካችባት፤ «ያድርጉ» የመጣውም ከዚያ ነው።

«አጎቴ፣ ሌላ ቃል ይሁንልዎ» አለችው ለስለስ ብላ። «ጎል ይበሉ። ዓለም ሁሉ የሚለው ጎል ነው።»

«ዓለም ሁሉ ይበለው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ይህችኛዋን ነው የምፈልገው ለማለት አንዲት ትልቅ ገ ስሎ፣ ጠመኔውን ከሰሌዳው አንስቶ፣ ቆቡን ለብቻው ደፋባት።

ሴፈሪና የእጁን አሳሳል እያየች ፈዘዘች። ፊደሏና ቆቡ ሁለት ነገር ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ለአንድ ስም አንድ ቁጥር ብቻ ይሁን ያለችው ራሷ፣ በራሷ ፕሮግራም ውስጥ ነው። «እኔው ነኝ ደደቧ» አለችና ለባለቆቧ ስም ሁለት ቁጥር አከታትላ ሰጠች። በእኛ ኪቦርድ ሁላችንም እንደለመድነው ቆቡን አስቀደመች፣ ፊደሏን አስከተለች።

ኤላዲዮ ነካካ። ቆቡ ሄዶ ከፊት ያለችው አ አናት ላይ ጉብ አለ፣ ገ ራሷን ተራቁታ ቀረች። ኤላዲዮ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቀና ጻፈላት፦

«መጀመሪያ ራስ፣ ቀጥሎ ቆብ። እናትሽ ምን አስተማረችሽ?»

ሴፈሪና ቁጥሮቹን አገላበጠች። እንደገና ነካ። «አጋ!» አለ ማሽኑ፣ በአፍንጫው። ልጅቷ ተነስታ አንገቱን አቀፈችው፣ እንባዋም መጣ። ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ፣ ግማሹ ሰው ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፏል። ኤላዲዮ በዚያ በማሽን ድምፅ አጠር አጠር አድርጎ ሲያስተላልፍ ሰዉ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ከዚያ ለመደው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የእኛ ልጆች አገቡ። ሜዳው ተናወጠ። ሬዲዮው ግን ጭጭ አለ፣ ኤላዲዮ ገና ፊደል እየለቀመ ነው። ሰዉ አንድ በአንድ ጩኸቱን ዋጥ አድርጎ ፊቱን ወደ ማስተላለፊያው ክፍል አዞረ። ኳሷን መሀል ሜዳ ያስቀመጠው ዳኛ ሳይቀር ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ቆመ።

«አጋ!»

ለጎሉ ያልተጮኸው ጩኸት ያኔ ተጮኸ። የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ። ሲንፎሪያኖም እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ወንበሩ የማን እንደሆነ ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

ጨዋታው ሲያልቅ ሲንፎሪያኖ አፍንጫውን እየጠራረገ ወደ ሴፈሪና ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ ቃሉን እንዳለ አንድ ቁልፍ ላይ ማስቀመጥ አይቻልም? ለመጪው እሁድ ጎሉ እንዳይዘገይብን።»

ቀላል ነው አለችው፣ አሁኑኑ ትሠራዋለች። ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ ልትስብ ስትል ኤላዲዮ እጇን ያዘና ስክሪኑን በጣቱ፣ ሳይቸኩል፣ ፊደል በፊደል ነካካ።

«ሰዉ ይጠብቀኝ» አለ ማሽኑ።