ዋናውን ሳትዘጋ

እህቴ ማክዳ ከካምፓላ የደወለችው አባባ በሞተ በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው። መሞቱን አታውቅም።

አጎታችን ጋሽ አጽብሐ ከዘመድ ተማክረው ወስነዋል፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለፈቃድ ስትመጣ፣ ገና በማለዳ፣ ቤተሰብ ከቧት መርዶውን ትረዳለች። እስከዚያ ለእሷ አባባ ጉሮሮውን ታሟል፣ ድምፁ ተዘግቷል። ጎረቤቱ ፌስቡክ ላይ ምንም እንዳይለጥፍ ተለምኗል። እኔም ጥቁር ስለለበስኩ ቪዲዮ እንዳልከፍት ታዝዣለሁ።

«ትልቅ ሰው ናት እኮ፣ ጋሼ። በስልክ ልንገራት» ብያቸው ነበር።

«ብቻዋን ስትወድቅ ማን ይይዛታል? አንቺ ከዚህ ከፒያሳ እጅሽን ልትዘረጊ ነው?» አሉኝ።

ማክዳ የደወለችው ለቧንቧ ነው። ዝናቡ አላቆመም፤ ጣራው የሚያፈስሰውን በባልዲ ይዛዋለች፤ አሁን ደግሞ የወጥ ቤቷ ዕቃ ማጠቢያ ከሥሩ ማንጠባጠብ ጀምሯል።

«የቤቱ ባለቤት ነገ ይላል። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ነገ ነው። አባባን ጠይቂልኝ፣ ጄሪ።»

አባባ አርባ ዓመት የአራዳን ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ማክዳ እዚያ ከሄደች ጀምሮ የዛገውን የቧንቧ መታጠፊያ፣ የተደፈነውን ሽንት ቤት፣ ሁሉን በስልክ ያሠራት እሱ ነው።

ስልኩን ደረቴ ላይ ለጥፌ የተነጠፈውን አልጋውን አየሁ። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። ልጅ ሆኜ መሣሪያ ሳቀብለው ያየሁት በቂ መሰለኝ።

«ፍቺውና የቧንቧው ክር ላይ ነጩን የቴፍሎን ማሸጊያ ጠቅልለሽ መልሰሽ እሰሪው ብሏል።»

«በቃ?»

«ድምፁ ተዘግቷል አልኩሽ እኮ። ስብከት ፈለግሽ?»

ሳቀች። ስልኩን ሳትዘጋ አስቀምጣ ፒንሳዋን አመጣች። ብረት ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ አንድ ነገር ተፈናጠረና ውኃው ጮኸ።

«ጄሪ፣ ወለሉን ሞላው። ልብሴ ሁሉ…» እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። የውኃው ድምፅ ብቻ ቀረ።

«አባባ መጀመሪያ ዋናውን ቧንቧ ዝጊ አላለም?»

አባባ በር ሲንሲያጠጥ እንኳ መጀመሪያ «ዋናውን ዘጋችሁ?» የሚል ሰው ነበር። ሁለታችንም እድሜያችንን ሙሉ ስንስቅበት ኖረናል።

«ረስቶት ይሆናል» አልኩ።

«አባባ?»

ጋሽ አጽብሐ ግቢ ካለው የእድር ወንበር ተነሥተው በሩ ላይ ቆመዋል። በእጃቸው እንዳትነግሪያት ይሉኛል።

«መቼ ነው?» አለች ማክዳ።

«የዛሬ ዐሥራ አንድ ቀን።»

ውኃው ውስጥ ቁጭ ስትል ሰማኋት። የሚይዛት ሰው አልነበረም። ጋሽ አጽብሐ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን አዞሩ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ማክዬ፣ ተነሺ» አልኳት። «መጀመሪያ ዋናውን ዝጊ። ቆጣሪው አጠገብ ነው።»

ስልኩ ውስጥ አሁንም ውኃው ይፈስሳል።